ክኒኑን አቁሜ ጠበል ላስገባው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦

መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ወለተ ሥላሴ እባላለሁ። የ9 ዓመት ልጄን ባለፈው ጥቅምት "ስኳር ገዝተህ ና" ብዬ ሱቅ ልኬው ባጃጅ ገጨው። ጭንቅላቱን ክፉኛ ተመታ። ሐኪሞቹ "ከ15 7 ነው" አሉን። አንጎሉ ስላበጠ ከራስ ቅሉ ላይ አጥንት አነሡለት፤ እስካሁን አልተመለሰለትም። ብዙ ቀን ራሱን ሳያውቅ ከርሞ በእግዚአብሔር ቸርነት ነቃ። አሁን ቤት ነው። ቀኝ እጁና እግሩ ገና ነው። ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። ሁለት ጊዜም ጥሎታል፤ ለእሱ ክኒን ይወስዳል። ጠባዩ ተለውጧል። ጨዋ ልጅ ነበር፤ አሁን ይሳደባል፣ ታላቅ እኅቱን ይማታል። አባቱ "ስድ ሆነ" ብሎ ገርፎታል። የበላውን እንኳ አያስታውስም። "አባታችን ሆይ"ን ግን አብሮኝ ይላል፤ "የዕለት እንጀራችንን" ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል።

አማቴ "መንፈስ ነው፤ ክኒኑ ነው ያደነዘዘው፤ ክኒኑን አቁመሽ ጠበል ይዘሽው ግቢ" ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ፍልሰታ ስለደረሰ እንደ አምናው ይጹምና ይቁረብ ይላል። እኔ ለቁልቢ ገብርኤል ተስያለሁ፤ ሐምሌ 19 ሳልሄድ አለፈኝ። ልጁ ገና አልዳነም፣ ዕዳም አለብን። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሱቅ የላክሁት እኔ መሆኔ ነው። ይህ የማን ኃጢአት ነው?

መልስ፦

እኅቴ ወለተ ሥላሴ፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ይማርልሽ፤ አንቺንም ያበርታሽ። ጥያቄሽ ብዙ ነው። አንዱ ግን ፋታ አይሰጥምና ከእሱ ልጀምር።

ክኒኑን እንዳታቆሚ። ጠበል ብትገቢም እንዳታቆሚ። አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ከጉዳቱ በኋላ ሊጥለው ይችላል፤ ከጉዳቱ ጠባሳ የሚመጣ ነገር ነው። ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ "ዛሬ ደኅና ነው" ተብሎ የሚዘለል አይደለም። በድንገት ሲቋረጥ ከበፊቱ የባሰ፣ አልቆም የሚል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ያ ሕይወት ይቀጥፋል። ቢተርፍም የቀረውን አንጎል ይጎዳል። አማትሽ ካሉት ውስጥ አንድ እውነት ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ክኒን ያስተኛል፣ ያፈዛል። እሱን ለሐኪሙ ንገሪው። መጠኑን ሊያስተካክል፣ በሌላም ሊተካው ይችላል። መቀነሱም ማቆሙም የሐኪሙ ሥራ ነው። የእኔ አይደለም፤ የአጥማቂም አይደለም።

"ታዲያ ጠበሉስ?" ትይኛለሽ። ጠበሉን ማን ከለከለሽ! ጠበልና መድኃኒት ተጣልተው አያውቁም፤ የምናጣላቸው እኛ ነን። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አውጥተሽ አንብቢ። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል። ቅደም ተከተሉን ደግሞ ልብ በይ። ስትታመም ጸልይ፣ ከበደል ራቅ፣ መባህን አግባ ይልና ወዲያው ለሐኪምም ቦታ ስጠው ይላል። ጸሎቱ ሐኪሙን አላስቀረውም። ንጉሡ ሕዝቅያስም በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ 15 ዓመት ተጨመረልህ ከተባለ በኋላ ነው ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ የተደረገለት። እግዚአብሔር ቃሉን ሰጥቶ ሳለ በለሱ ለምን አስፈለገ? ይህን ባነበብሁ ቁጥር ይገርመኛል።

በእኛም አገር ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ መድኃኒቱን እየተዉ ጠበል የሚገቡ ሰዎች ብዙ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይቃረኑም፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በግልጽ አስተምረዋል። "ክኒኑን ካልጣልሽ እምነት የለሽም" የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ይህን ንገሪው። ካልሰማሽ ሌላ ጠበል ሂጂ፤ ጠበል ሞልቷል።

አወሳሰዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑርሽ። የልጅሽ አጥንት ገና አልተመለሰም። ያ ቦታ ቆዳ ብቻ ነው የሸፈነው። ከላይ በኃይል የሚወርድ ጠበል ሥር አታቁሚው። ግፊያ ውስጥ አታስገቢው። በመስቀልም በመቋሚያም ራሱን አይንኩት። ለካህኑ ቀድመሽ "አባቴ፣ እዚህ ጋ አጥንት የለውም" ብለሽ በእጃቸው ምልክቱን አሳዪያቸው፤ ገብቷቸው ይረጩታል፣ ከአንገቱ በታች ያጠምቁታል። ሌሊት 10 ሰዓት ቀስቅሶ ወረፋ ማሰለፍም ይቅር። እንቅልፍ ማጣት ራሱ የሚጥል በሽታን ይቀሰቅሳል። ጠበሉን በጀሪካን አስቀድተሽ ቤት ብታመጪው በረከቱ መንገድ ላይ አይቀርም።

ሲጠጣም ተጠንቀቂ። መዋጥ ለሚያስቸግረው ልጅ ከሁሉ የሚከብደው ቀጭን ነገር ነው። ከገንፎ ይልቅ ውኃ አደገኛ ነው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። "ጠጣ፣ ጠጣ" እየተባለ ኩባያ ሙሉ ጠበል የሚጋትበት ነገር አይመችም። ቀና ብሎ ይቀመጥ። በሻይ ማንኪያ ትንሽ ትንሽ ስጪው። አንዱን ሳይውጥ ሌላውን አትጨምሪ። ካሳለው አቁሚ። የበረከት መጠን በሊትር አይለካም።

ወደ መንፈሱ ጉዳይ ልምጣ። የርኩስ መንፈስን መኖር ቤተ ክርስቲያን አትክድም። ነገር ግን የወደቀ ሁሉ መንፈስ ያደረበት ነው ብላም አታስተምርም። ማቴዎስ 4፥24 ላይ ወደ ጌታ ያመጧቸው ሕሙማን ሲዘረዘሩ አጋንንት ያደሩባቸው ለብቻ፣ በጨረቃ የሚነሣባቸው (የሚጥላቸው ማለት ነው) ለብቻ፣ ሽባዎችም ለብቻ ተጠርተዋል። ወንጌላዊው ለይቷቸዋል። እኛ ለምን እንደባልቃቸዋለን? ልጅሽን ባጃጅ መትቶታል፣ አንጎሉ አብጧል፣ ከዚያ በኋላ ጣለው። ምክንያቱ እየታየ ሌላ ምክንያት ፍለጋ መባዘን አያስፈልግም። ክታብ የሚያስርልሽ ደብተራ ፍለጋ ደግሞ ጨርሶ እንዳትሄጂ።

በማርቆስ ምዕራፍ 9 ያለውን አባት ግን እንድታስቢው እፈልጋለሁ። ልጁ ይወድቅበታል፣ አረፋ ይደፍቃል። ጌታ ልጁን ከማዳኑ በፊት አባቱን "ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?" ብሎ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የበሽታውን ታሪክ ጠየቀ! የአባት ጭንቀት እንዲሰማ ፈልጎ ይመስለኛል። አባትየውም "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለ። ያ ጎደሎ እምነት ልጁን አላስቀረበትም። ስለዚህ "እምነትሽ ስላነሰ ነው ልጁ ያልተነሣው" የሚልሽን ሰው አትስሚው።

ድንገት ሲጥለው ምን ታደርጊያለሽ? በጎኑ አስተኚው። ስለት ያለውንና ጠንካራውን ነገር ከአጠገቡ አርቂ። ራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጊ። ክብሪት ጭረሽ አታሽትቺው። ማንኪያ በጥርሱ መሐል አታስገቢ። ጠበልም ቢሆን በዚያ ሰዓት አፉ ውስጥ አይፈስስም። ሰዓት ተመልከቺ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ይዘሽ ሩጪ። መንገድ ላይ "በስመ አብ" በዪ፤ ጸሎት በታክሲ ውስጥም ይሰማል።

አሁን ወደሚያንገበግብሽ ነገር። የማን ኃጢአት ነው ብለሻል። ደቀ መዛሙርቱም ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ እሱም አይደለም ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰ (ዮሐንስ 9)። ልጅ ሱቅ መላክ ኃጢአት አይደለም። እኔም ተልኬ ነው ያደግሁት።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንቺን የምትመስል አንዲት ሴት አለች፤ ስሟ አልተጻፈም። የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ 5 ዓመቱ ሳለ የአባቱ ሞት መርዶ መጣ። ሞግዚቱ አቅፋው ሸሸች። ስትቸኩል ልጁ ወደቀና ሁለት እግሩ ሽባ ሆነ (2ኛ ሳሙኤል 4፥4)። ሮጣ ያቀፈችው ልታድነው ነበር። መጽሐፉ አንድም የወቀሳ ቃል አይናገራትም። የሆነውን ጽፎ ያልፋል። አንቺም ልጅሽን የላክሽው ለስኳር እንጂ ለአደጋ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ሄደሽ ይህን ሸክም ተናገሪ፤ በደል ስላለብሽ ሳይሆን ብቻሽን እንዳትሸከሚው። በእግዚአብሔር ብትቀየሚም ንገሪው። ዳዊት "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ብሎታል፤ ያንንም መዝሙር አድርገን እንዘምረዋለን።

የሜምፊቦስቴ ነገር እዚያ አያልቅም። ካደገ በኋላ ንጉሥ ዳዊት አስፈልጎ አስመጣው። እግሩን አላዳነለትም። የአያቱን መሬት መለሰለት፣ የሚያርሱለት ሰዎች መደበለት፣ ከራሱም ገበታ አስቀመጠው። ምዕራፍ 9 ሲያልቅ ሁልጊዜ ከንጉሥ ገበታ ይበላ ነበር፣ ሁለት እግሩም ሽባ ነበረ ይላል። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር። ይህን የምነግርሽ ተስፋ ቁረጪ ለማለት አይደለም። ልጅሽ ድኖ እስኪጨርስ ድረስ ፍቅሩንም፣ ከገበታ መቅረቡንም፣ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን መቀመጡንም አታቆዩበት ለማለት ነው። ሰው ሲመጣ ጓዳ የሚገባ ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ስለ ጠባዩ ረዘም አድርጌ ላውራሽ፤ ቤት የሚያፈርሰው ይህ ነውና። ከግንባር በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል የሰው ልጓም ነው። አንቺም እኔም ስንናደድ አፋችን ላይ የመጣውን ስድብ የሚመልስልን እሱ ነው። እሱ ሲጎዳ ልጁ ስድቡን ሊመልሰው አይችልም። ከተናገረ በኋላ የሚያፍር ልጅም አለ። ስለዚህ ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት፦ ወንድሜ፣ ልጁ ስድ አልሆነም፤ ታሟል። ግርፋት የሚያስታውስ አንጎል የለውም፤ የሚቀርለት ፍርሃቱ ብቻ ነው። አጥንት የሌለው ራስ ላይ ደግሞ አንዲት ጥፊ ልትገድለው ትችላለች። ቀበቶህን አስቀምጥ።

በተግባር የሚረዱትን ልንገርሽ። ቴሌቪዥን፣ ሬድዮና ጎረቤት በአንድ ላይ ሲንጫጩ ይረበሻል፤ አንዱን አጥፊ። ትእዛዝ ስትሰጪው "ተነሣና እጅህን ታጠብና ልብስህን ልበስ" አትበዪው፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይስማ። ቶሎ ይደክመዋል፤ ደክሞት የሚያለቅሰውን ልጅ "ቀበጠ" አትበሉት። ከሰዓት በኋላ ይተኛ። ትምህርት ቤት ሲመለስ በግማሽ ቀን ይጀምር፣ መምህሩም ይወቅ። ኳስ፣ ዛፍ መውጣት፣ ብስክሌት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅር፤ ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው ይከፋል። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ነገሩ በአንድ ዓመት አያልቅም። ለውጡ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ቀስ እያለ ይቀጥላል። ልጅ እያደገ ስለሆነ ደግሞ ዛሬ ያልታየ ድካም ትምህርቱ ሲከብድ 5ኛ፣ 6ኛ ክፍል ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ያኔ "ሰነፈ" እንዳይባል ከአሁኑ እወቁት።

"ከ15 7" ያሉሽም የፈተና ውጤት መስሎሽ እንዳይቀር። ዓይኑን መግለጡን፣ መናገሩንና መንቀሳቀሱን የሚለኩበት ነው፤ ከ3 ጀምሮ እስከ 15 ይሄዳል። 8ና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። ያ ቁጥር የዚያ ቀን ነው። የዛሬውን ልጅሽን አይገልጽም።

ጌታ በቤተ ሳይዳ ዓይነ ስውሩን ሲፈውስ እጁን ሁለት ጊዜ ነው የጫነበት። ከመጀመሪያው በኋላ ሰውዬው "ሰዎች እንደ ዛፍ ሲመላለሱ አያለሁ" አለ (ማርቆስ 8፥24)። ግማሽ ፈውስ! ጌታ አላፈረበትም፣ ሰውዬውም "ድኛለሁ" ብሎ አልዋሸም። በግማሽ ያለ ልጅ ላይም እጅ መጫን ይደገማል። በእናንተ ቤት የሚደገመው እጅ የአንቺ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየሽን እንቅስቃሴ አትዝለዪ። ጣቶቹን አንድ በአንድ መክፈት፣ ተረከዙን መሳብ፣ ክንዱን ማንሣት ሲያዩት ቀላል ነው፤ ካልተሠራ ግን ጅማቱ አጥሮ እጁ እንደታጠፈ ይቀራል። ከጸሎት ጋር አያይዢው። ማማተብን ተጠቀሚበት። ቀኝ እጁን ከክርኑ ደገፍ አድርገሽ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከዚያ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ውሰጂው። መጀመሪያ አንቺ ትወስጂዋለሽ፤ እሱ ሲገፋ ሲሰማሽ እጅሽን ታላሊያለሽ። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊትና በኋላ እያላችሁ ስትደጋግሙት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስቢው። "አባታችን ሆይ"ም እንዲሁ ነው። ቀድሞ በቃሉ የያዘው ነገር ከአዲስ ትዝታ ይልቅ ስለሚጸና ነው የሚለው። "የዕለት እንጀራችንን" ላይ ሲቆም አትቸኩዪ። ትንሽ ጠብቂው። ካልመጣለት የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ በዪለት።

ጾሙን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ፍልሰታን ልጆች ይወዷታል፤ ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ይለማመዷታል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ሕመምተኛ ግን አይገደድም፤ ፍትሐ ነገሥቱም በጾም አንቀጹ ሕመምተኛን ከግዴታው አውጥቶታል። ምግብ ሲዘገይ፣ ክኒን ሲዘለል ይህ ልጅ ይወድቃል። ወተቱንም እንቁላሉንም ይብላ። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ ያዘዘው የምትበላው እንዲሰጧት ነው። ባለቤትሽ "ጾሙ ይሰበራል" ካለ እሱ የልጁንም ጨምሮ ይጹምለት።

ቁርባኑን ግን አታስቀሩበት። የሐኪሙን የክኒን ሰዓት ይዘሽ ለንስሐ አባታችሁ ንገሪያቸው፤ እሳቸው በሕመሙ መጠን ሥርዓት ይሰጡታል። ቀዳሹ ካህንም የመዋጥ ችግር እንዳለበት ቀድመው ይወቁ። ከሥጋው እጅግ ጥቂት፣ ከደሙም በዕርፈ መስቀል (በማቁረቢያው ማንኪያ) ጠብታ ይበቃዋል። ራሱን ወደ ኋላ አጋድሞ አይቀበል። ከቅዳሴ በኋላ የሚጠጣውም ጠበል በጣም ትንሽ ይሁን። ሙሉ ቅዳሴ ካስቸገረው መጨረሻው ላይ ይዘሽው ድረሺ። ቢጮኽ ሰው ዞሮ ያያል፤ ይይ! ለመለማመድ ደግሞ ከበሮና ድምፅ ማጉያ የሌለበት የሠርክ ጸሎት ይሻላል።

ስለቱን አትፍሪው። ቅዱስ ገብርኤል አበዳሪ አይደለም። የተሳልሽው ይከፈላል፤ ግን የልጅሽን የሕክምና ገንዘብ አንሥተሽ አይደለም። ጌታ ለወላጅ የሚገባውን "ቁርባን ነው" ብለው የሚያስቀሩትን ገሥጿል (ማርቆስ 7)። ለልጅም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 19ም አለ፤ የከርሞውም አለ። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ስትችዪ ታደርሻለሽ።

አንድ የዘነጋሽው ሰው አለ፤ ልጅቷ። ደብዳቤሽ ውስጥ የምትመታ ሆና ብቻ ነው የመጣችው። ወንድሟ ከተመታ ጀምሮ እሷን ማን አናገራት? እሷም ቀን ያስፈልጋታል። እሁድ ከሰዓት አማትሽ ከልጁ ጋር ይቀመጡ፤ መንፈስ ነው ከማለት ጸሎት ቢያደርሱለት ይሻላል፤ አንቺና እሷ ሻይ ቡና በሉ። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው ነው ያመጡት፤ እናቱ ብቻዋን አይደለችም። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች፣ የማኅበርሽን ሴቶች "ማክሰኞ ማክሰኞ ጣቶቹን እየከፈታችሁ አጫውቱልኝ" ብለሽ ጠይቂያቸው። "እግዚአብሔር ይማረው" ብሎ የሚሄድ ሰው ሥራ ሲሰጡት ደስ ይለዋል።

የልጁን የክርስትና ስም አልጻፍሽልኝም። የእኅቱንም ጨምረሽ ላኪልኝ፤ ፍልሰታ እስኪፈታ በየቀኑ በኪዳን ጸሎት አስባቸዋለሁ።